«እኔን!» የማይባልበት ውድድር

ሞተር ሳይክሉ ከፒካፕ ላይ የወረደ ዕለት የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ወንበሩስ?» የሚል ነበር። የቤቱ ልጅ በሳቅ ፈረሰች። ለካ ወንበር የለውም፤ ሲሠራም አልነበረውም፤ ቆመው ነው የሚነዱት። እኔ ግን ሻጩ ወንበሩን አስቀርቶ እንዳታለላቸው እርግጠኛ ስለነበርኩ ያመጣውን ሰውዬ በክፉ ዓይን ስገላምጠው ቆየሁ። ምስኪን፣ ሻይ እንኳን አላቀረብኩለትም።

ይህ የሆነው ሳዑዲ፣ ደማም ውስጥ አል ጀለዊያ በሚባል ሰፈር፣ በሠራተኝነት ዘጠነኛ ዓመቴን በያዝኩበት ቤት ነው። ልጅቱን ያገኘኋት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ፀጉሯን እየጎነጎንኩ ትምህርት ቤት የሸኘኋት ልጅ አሁን ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ደርሳለች። አባቷ ባሕር ላይ ባለ የነዳጅ መድረክ ስለሚሠራ የወሩን ግማሽ ቤት የለም። ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚገባ ኢንጂነር ላይ ሞተሩን የገዛላት እሱ ነው። ገዛላትና እሱ ወደ ባሕሩ ተመለሰ፤ የእናቷን የማዳምን ቁጣ ለእኛ ትቶልን።

ስፖርቱን ትሪያል ይሉታል። እሽቅድምድም እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ወጥ ይዤ ከምሄደው በላይ አይፈጥኑም። ነገሩ ቋጥኝ ላይ፣ የከባድ መኪና ጎማ ላይ፣ የሲሚንቶ ቱቦ ላይ እግር መሬት ሳያስነኩ መውጣትና መውረድ ነው። እግር አንዴ ከነካ አንድ ነጥብ፣ ሁለቴ ከነካ ሁለት፣ ከዚያ በላይ የፈለገውን ያህል ቢነካ ሦስት። ከወደቁ ወይም የሌላ ሰው እጅ ሞተሩን ከነካው አምስት ይጻፋል። ብዙ ነጥብ ያለው ተሸናፊ ነው፤ ዜሮ ይዞ ለወጣ ይጨበጨብለታል። እኔ ትምህርት ቤት ዜሮ ባመጣሁ ቁጥር ያገኘሁት ጭብጨባ ሌላ ዓይነት ስለነበር ይህን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ።

አባቴ ባሕር ዳር ከተማ ብስክሌት ያከራይ ነበር። እኔ ሴት ልጁ ከመነዳሪ ስለጥፍ፣ የተጣመመ ጎማ ሳቃና፣ ካቴና ዘይት ስቀባ ነው ያደግኩት። እዚህ ግን ሥራ ያስገቡኝ ሰዎች በቅጹ ላይ ምግብ፣ ጽዳት፣ ልጅ መያዝ ብለው ሞሉ፤ ስለ ብስክሌት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ልጅቱ አንድ ቀን መፍቻውን በግልባጭ ይዛ ካቴናውን ለማጥበቅ ስትታገል ሳይ አላስቻለኝም። ቀማኋት። ከዚያ በኋላ መፍቻው ከእጄ አልወጣም።

መጀመሪያ ላይ ግን ጉድ ሠራሁ። ጎማውን እንደ አባቴ ብስክሌት ነፋሁት፤ ግጥም አድርጌ። ልጅቱ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ሞተሩ እንደ ኳስ ነጠረና ከነሁለመናዋ መለሳት። ለካ የትሪያል ጎማ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ በሰለ ማንጎ መግባት አለበት፤ ለስላሳ ካልሆነ ድንጋዩን አይጨብጥም። ከዚያ ወዲህ ጎማውን በጣቴ እየለካሁ አስተነፍሰዋለሁ። የአየር መለኪያ ሜትር አለን፤ እኔ ግን ከሜትሩ ይልቅ ጣቴን አምናለሁ፤ እስካሁን ጣቴ አልዋሸኝም።

በግራ እጅ የሚሳበውን የፍሪሲዮን ነገርም የጨረስኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ እጇ ትንሽ ነው፤ ዘንጉ ይርቃታል፤ በአራት ጣት ስትጨብጠው መሪውን የምትይዝበት ጣት ታጣለች። ብሎኑን ግማሽ ዙር፣ ሩብ ዙር እያልኩ ወደ መሪው አስጠጋሁላት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ «አሁንስ?» «ገና።» «አሁንስ?» «ገና።» ስንባባል ቆይተን በመጨረሻ በአንድ ጣት ብቻ ስባ ሞተሩን ባለበት አቆመችውና ጮኸች። እኔም ጮህኩ። ያን ቀን ሩዙ አረረ።

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ደግሞ የዚህ አገር አሸዋ ወዳጅ ነው። በየሳምንቱ በቤንዚን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት መቀባት አለበት። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ባለው ገንዳ ሳጥበው ማዳም ደረሰች። አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ «ቤቴን ጋራዥ አደረጋችሁት!» አለች። ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ ጥቁሩን ቤንዚን አየች። «አንቺን ለምግብ ነበር ያመጣሁሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስፖንጁን ጨምቄ ገንዳውን በሳሙና ማሸት ጀመርኩ።

በዚህ ላይ ልጅቱ ሌላ ነገር ጨመረች። በትሪያል ነጂው አንድ አጃቢ ይፈቀድለታል፤ ከድንጋዩ አጠገብ ቆሞ መንገድ የሚያመለክት፣ ክፉ ነገር ሲመጣ ሞተሩን ይዞ የሚያስቀር ሰው። አጃቢዬ እሷ ናት ብላ እኔን የውድድር ስም ዝርዝር ላይ አስጻፈችኝ። ማዳም ይህን ስትሰማ ሻይዋን አስቀመጠች።

«አንድ ውድድር ብቻ» አለች። «እኔም መጥቼ አያለሁ። ስትወድቂ በዓይኔ ካየሁ፣ ኸላስ፣ ሞተሩ በማግስቱ ይሸጣል።»

ማዳም አላለችም እንጂ ካለች አለች ነው። ልጅቱ ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። እኔም፣ አልዋሽም፣ ወጥ እያማሰልኩ ዓይኔ ሞላ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ሲሉኝ ኖሬያለሁ። አንድ ሰው ከነነፍሱ የሚቆምበትን ነገር አስተካክዪልኝ ብሎ ያመነኝ ግን በዚህ ሞተር ነው። ከተሸጠ ለእሷ ሞተሯ ነው የሚሄደው፤ ለእኔ ደግሞ አብሬያት ልምምድ የምወጣበት አርብ ጠዋቴ።

ውድድሩ የተደረገው ከኢንዱስትሪ ከተማው ወዲያ፣ በአጥር በተከለለ ባዶ ቦታ፣ አርብ ጠዋት ነበር። ድንጋዩን በገልባጭ መኪና አምጥተው አፍስሰውታል። ስድስት ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ በሁለት የቀስት ምልክት መሐል ተጀምሮ በሁለት ቀስት መሐል ያበቃል። ዋንጫ የምትጠብቁ ካላችሁ ከወዲሁ ልናገር፦ ከስድስት ሴቶች አራተኛ ነው የወጣነው። እኔ አባያዬን ሰብስቤ፣ ሱሪና ቦት ጫማ አድርጌ፣ ከሻርፔ ላይ ሄልሜት ደፍቼ ነበር።

የመጀመሪያውን ቦታ በአንድ ነጥብ ወጣችው። ሁለተኛውን በዜሮ! ዳኛው ቡጢውን ጨብጦ አነሳ፤ ዜሮ ማለት ነው። ዘለልኩ። ማዳም ከጥላው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ አንዴ ስልኳን፣ አንዴ በመነጽሯ ሥር እኛን ታያለች።

ሦስተኛው ላይ ነው ጉዱ። ልጅቱ ሁለት ቋጥኝ መሐል ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ግራ ዘመም አለች። እኛ አገር ሰው ሲደናቀፍ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። አስበን አይደለም የምንለው። መንገድ ላይ የማናውቀው ሰው እንኳን ድንጋይ ሲመታው እግሩ መሬት ሳይመለስ እኛ ብለን ጨርሰናል። እኔም «እኔን!» ብዬ ጮህኩ፤ አፌ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ እጄም አብሮ ሄዶ የሞተሩን ጀርባ ጭምድድ አድርጎ ያዘው።

ዳኛው አምስት ጣቱን ዘረጋ።

ልጅቱ ሄልሜቷን አወለቀች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «ልወድቅ አልነበረም እኮ! ይዤው ነበር!» አለች በዓረብኛ። ዘጠኝ ዓመት እኔ ዘንድ ያደገች ናትና ቀጥሎ ያለውን በአማርኛ ነው የተናገረችው፣ በራሷ አማርኛ፦ «እኔን እኔን አትበይ! ነጂ እኔ! አንቺ የለም፣ እኔ!»

እያፈርኩ ሳቄ መጣ። እሷም ሳቋ መጣ፤ ግን ወዲያው ዋጠችው። «ሹፊ፣ እዪኝ» አለችኝ፣ ትከሻዬን ይዛ። «በቀሩት ሦስቱ እጅሽን እንዳታመጪ። ብወድቅም።»

«ማዳምስ? ከወደቅሽ እኮ ሞተሩ...»

«ብወድቅም አልኩሽ።»

ይኸው እንግዲህ። ከያዝኳት አትወድቅም፣ ሞተሩ አይሸጥም፤ ግን ውድድሩ የእሷ ሳይሆን የእኔ እጅ ይሆናል። ካልያዝኳት ውድድሩ የእሷ ነው፤ ከወደቀች ግን ነገ ፒካፑ በር ላይ ይቆማል። እመቤቴ ማርያም ሆይ፣ ለእኔ ቢጤ ይህን ያህል ከባድ ፈተና ለምን? አልኩ በልቤ። ከዚያ ሁለት እጄን ብብቴ ሥር ወሸቅኩ።

አራተኛውን በሁለት ነጥብ ጨረሰች። አምስተኛውን በዜሮ፤ ያውም ጎማው እየተልመጠመጠ የድንጋዩን ሹል እንደ እጅ ሲይዝ በዓይኔ እያየሁ። ያ ጎማ የእኔ ጣት የለካው ነው። ደስታው አንገቴ ላይ ደረሰ።

ስድስተኛው ቦታ የሲሚንቶ ቱቦ ነው፤ ከእሱ ወዲያ ሰው የሚያህል ቋጥኝ፣ ከቋጥኙ ሥር አሸዋ፣ አሸዋው ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀስቶች። ማዳም ከጥላው ተነስታ መጣች። መነጽሯን አናቷ ላይ ሰቅላ ተመልካች ከሚያግደው ገመድ አጠገብ ቆመች፤ አሁን ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ልጅቱ ቱቦውን ስትወጣ አንድ እግሯ ነካ። ቋጥኙ ላይ ስትደርስ ሁለተኛ ነካ። አናቱ ላይ ወጥታ ቆመች፤ የፊት ጎማው ከድንጋዩ አልፎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሞተሩ ወደ እኔ ተንጋደደ። ክንዴን ብዘረጋ እደርስባታለሁ። የልጅነት ፊቷን ነው ያየሁት፣ ትኩሳት ይዟት ሌሊቱን ሙሉ ጭኔ ላይ የተኛችውን። ቃሉ ጥርሴ ጋ ደረሰ፤ ከነምራቄ ዋጥኩት። ብብቴ ሥር ያለው እጄ የራሴን ጎን ቆነጠጠ፤ ለሳምንት ያህል ሰማያዊ ሆኖ ከረመ።

በአንድ ጣቷ ፍሪሲዮኑን ሳብ፣ ለቀቅ አደረገች። ሞተሩ ቀና አለ። ወረደች። የፊት ጎማው በሁለቱ ቀስቶች መሐል አለፈ፤ አለፈና አሸዋው ውስጥ ሰመጠ፤ ልጅቱ በመሪው ላይ ተወርውራ ወዲያ፣ ሞተሩ ወዲህ።

እኔ አለቀልን አልኩ።

ልጅቱ አሸዋ እየተፋች ተነሳች፤ እየሳቀች ነበር። ከዚያ እናቷን አየች፤ ሳቋ ጠፋ። ማዳም ገመዱን ዝቅ አድርጋ፣ አባያዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በዚያ ስስ ጫማዋ ድንጋዩን እየረገጠች መጣች። መጀመሪያ እኔ ጋ ነው የቆመችው።

«አጠገቧ ነበርሽ። ለምን አልያዝሻትም?»

«አትያዢኝ አለችኝ» አልኩ።

ማዳም ወደ ዳኛው ዞራ «ስንት?» አለችው። ሁለት ጣቱን አሳያት።

«ሁለት? መውደቅ አምስት አይደለም እንዴ?» ለካ ስልኳ ላይ ስታነብ የዋለችው ሕጉን ኖሯል።

«ከቀስቱ ካለፈች በኋላ ነው» አላት። «ቦታው አብቅቷል። መውደቅ አይባልም።»

«አይባልም?»

«አይባልም።»

ማዳም ወደ ልጇ ሄደች። አሸዋውን ከትከሻዋ ላይ በመዳፏ እየመታች አራገፈችላት።

«ዳኛው አልወደቀችም ካለ እኔም ያየሁት ነገር የለም» አለቻት። «ማፊ።»

ልጅቱ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሄልሜቱ የማዳምን መነጽር ጣለው። እኔ እንባዬ ባገጬ እየወረደ፣ እንደ እብድ እየሳቅኩ ወደ ሞተሩ ሄድኩና በሁለት እጄ አነሳሁት። አሁን መንካት ይፈቀዳል።