የጋሼ ስድስት መቶ

ዲክሲስ ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለቤቴ አሰላ ነርስ ናት፤ ቤታችንም አሰላ ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ዓርብ ከሰዓት እመለሳለሁ። መመላለሻዬ ቀይ ስፖርት ሞተር ናት፤ ሁለት መቶ ሲሲ። አዲስ ሆና ነው የገዛኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ በክረምት ጭቃም ሆነ በበጋ አቧራ አንድ ቀን መንገድ ላይ አልጣለችኝም።

ልቤ ግን ሌላዋ ጋ ነበር።

ሞተር መንዳት ያስተማሩኝ ሰው አሰላ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አላቸው። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጋራዡ ጥግ ላይ በሸራ የሚሸፍኗት አሮጌ የጃፓን ሞተር ነበረቻቸው። ሰማያዊ ናት፤ ስድስት መቶ ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር። በዕድሜ ከኔዋ ብዙ ትበልጣለች፣ ጉልበቷ ግን የኔዋን ሦስት እጥፍ ያህላል። የነዳጅ ሰልባቲዮዋ ግራና ቀኝ የጋሼ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታይ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያወጧትና ሳጉሬ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ድምጿ ከሩቅ ሲሰማ ባጃጆቹ ሳይቀሩ ዳር ይይዙላቸዋል። ተማሪ ሆኜ መንገድ ዳር ቆሜ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ለሰው ሰጥተው አያውቁም፤ እኔም ደፍሬ ጠይቄ አላውቅም።

ያለፈው መስከረም ላይ ደወሉልኝ። «ቅዳሜ ና። በስልክ የሚሆን አይደለም» አሉኝ።

ስደርስ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሸራው ተገፏል። ሞተሯ ታጥባ፣ ካቴናዋ ዘይት ተቀብቶ ቆማለች።

«ዓይኔን ታምሜያለሁ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «ግላኮማ ነው ይላል ሐኪሙ። ፊት ለፊት አያለሁ፤ ጠርዝ ጠርዙ ነው የሄደው። ባለፈው ሳምንት አንድ ባጃጅ ክርኔን እስኪነካኝ ድረስ አላየሁትም።»

«ሕክምናው ምን ይላል?»

«ጠብታ ሰጥተውኛል። የቀረውን ያቆየዋል አሉኝ። የሄደው አይመለስም።»

እጃቸውን የሰማያዊዋ ሞተር ወንበር ላይ አሳረፉ።

«ልጄ ጎበሳ ጤና ጣቢያ ተመድባለች። በእግሯ ነው ገጠር ለገጠር የምትዞረው። ይህቺ ለሷ አትሆንም፤ ያንተዋ ቀላል ናት፣ ታዛዥ ናት። እንለዋወጥ። ያንተን ለሷ፣ የኔን ላንተ። ገንዘብ ብሎ ነገር የለም።»

«ጋሼ፣ ለሌላ ቢሸጧት እኮ…»

«ከአዲስ አበባ የሚመጡት ልጆች ወር ሳይሞላቸው ይሞቱባታል። አንተን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። ፍሪሲዮን እንዴት እንደምትለቅ አውቃለሁ።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሰውየው ዓይናቸውን እያጡ እንደሆነ እየነገሩኝ እኔ በውስጤ ሞተሯን ቤቴ ደጃፍ አቁሜያት ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ማታ እራት ስንበላ ለባለቤቴ ነገርኳት። የምትሠራው የአጥንት ሕሙማን ክፍል ነው። ሞተር የጣለው ሰው ሲመጣ አትነግረኝም፤ ግን በዚያን ቀን ዲክሲስ ስደርስ እንድደውል ሁለቴ ታሳስበኛለች። ሁልጊዜ እንደዚያ አውቅባታለሁ። አሁን ግን ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ጉርሻዋን አላምጣ ዋጠች።

«አትለውጥ አልልህም» አለችኝ። «ሰውየው ላንተ ማለታቸውም ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ለምንህ ነው?»

«እንዴት ለምንህ?»

«ለዲክሲስ መንገድ ነው?»

አይደለም። የዲክሲስ መንገድ ግማሹ ኮረኮንች ነው፤ ከባድ ሞተር እዚያ ላይ ሸክም ነው። ጋሪ፣ በግ፣ ገበያተኛ የሞላበት መንገድ ነው። ያንን ሁሉ አውቅ ነበር። «እስቲ መጀመሪያ ልሞክራት» ብዬ አለፍኩት። እሷም አልመለሰችበትም።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ጋራዡ ሄድኩ። ጋሼ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ሄልሜታቸውን አጥልቀው ጠበቁኝ።

«ከኋላህ እቀመጣለሁ» አሉ። «ሳጉሬ ድረስ። ከዚያ በኋላ ያንተ ናት።»

ከከተማው እስክንወጣ በዝግታ ነዳሁ። ሞተሯ ከሥሬ ትንተከተክ ነበር፤ ትንሽ ነዳጅ ስሰጣት ክንዴን ትጎትተዋለች። ቤቶቹ አልቀው አስፋልቱ ሲዘረጋ የጭላሎ ተራራ በግራችን ደመና ጭኖ ታየ። ከግራም ከቀኝም ገብስ ነው፤ ገና አረንጓዴ።

ጋሼ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ክፈታት!»

ከፈትኳት። ምን እንደሆነ ለመግለጽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልቻልኩም። የኔዋ ሞተር ስትፈጥን እየታገለች ነው፤ ይህቺ ግን አልታገለችም። ድምጿ ከፍ አለ፣ መንገዱ ጠቦ ጠቦ ፊት ለፊቴ አንዲት ነጥብ ሆነ። ሳቅሁ። ጋሼም ከኋላዬ ሲስቁ ሰማኋቸው፤ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሪው ከግራ በኩል ከገብሱ መሃል ባለች መግቢያ ነው የወጣው። ሳየው ፈረሱ አስፋልቱ ላይ ቆሟል። ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ። የኋላ ጎማው ተንሸራተተ፣ የጋሼ ክብደት ጀርባዬ ላይ መጣ፣ ሄልሜታችን ተጋጨ። ቆምን። ፈረሱ አንገቱን ወደ ላይ ወርውሮ ወደ ጎን አፈገፈገ፤ እጄን ብዘረጋ ልጓሙን እይዘው ነበር።

ባለጋሪው ቆሞ «ሱታ ጄዲ! ቀስ በል እንጂ! ልትገድለን ነው እንዴ?» ይላል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም።

ጋሼ በጆሮዬ «ምን ሆነህ ነው ፍሬን የያዝከው?» አሉኝ።

የሚቀልዱ መሰለኝ። «ጋሪው ነዋ!»

«የቱ ጋሪ?»

ፈረሱ በግራችን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ እያለከለከ ነው። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ቀስ አድርገው አዞሩት፤ ፊታቸው ከፈረሱ ፊት ጋር እስኪገጥም ድረስ አዞሩት። ያን ጊዜ ገና አዩት።

ከሞተሯ ወረዱ። ሄልሜታቸውን አወለቁና እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው የፈረሱን አንገት ያዙ። ባለጋሪውን በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቁት። ሰውየው ሊቀጥል የነበረውን ስድብ ተወው፤ ዕድሜያቸውን ይሁን አረማመዳቸውን አይቶ እንጃ። እሱም «ምንም አይደለም ጌታዬ» ብሎ መልሶላቸው ፈረሱን እየጎተተ ተሻገረ።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ሐኪሙ ሲነግረኝ ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም ነበር» አሉኝ ጋሼ። «ወረቀት ላይ ክብ ሥሎ አሳየኝ፤ ይኼን ያህል ነው የቀረህ ብሎ። እኔ ግን ዓይኔ ገና ያለ መስሎኝ ነበር። ፈረስ የሚያክል ነገር!»

«እኔም አላየሁትም ጋሼ።»

«አንተማ ዓይን አለህ።»

«አለኝ። ግን እስኪወጣ ድረስ መግቢያውን ራሱ አላየሁትም። ግራም ቀኝም አልነበረም። ፊት ለፊት ያለችው ነጥብ ብቻ ናት የነበረችው።»

ሄልሜታቸውን አነሱና «እንመለስ» አሉኝ። ሳጉሬ ሳንደርስ ተመለስን፤ በሦስተኛ ማርሽ፣ ጋሪ እየቀደመን እስኪመስል።

እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እንዳስብበት ነገሩኝ። ያን ሳምንት ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ የጀመርኩትን ቀመር ሳልጨርስ የምቆምበት ጊዜ ነበር። ያስፈራኝ ጋሪው ብቻ አልነበረም። ጠንቀቅ ብዬ እነዳታለሁ እያልኩ ሁለት ቀን ያህል ለራሴ ቃል ስገባ ቆየሁ። ከዚያ ግን ያን ሳቄን አስታወስኩ። ጋሼ ክፈታት ባይሉኝም እከፍታት ነበር። የባለቤቴም ጥያቄ አልለቀቀኝም። እውነቱን ለመናገር ሞተሯን የፈለግኳት ለመንገድ አልነበረም፤ ሰው ዳር እንዲይዝልኝ ነበር።

ቅዳሜ ሄጄ እንደማልለውጥ ነገርኳቸው።

«ፈራህ?» አሉኝ።

«አዎ። ፈራሁ።»

የሊብሬውን ፖስታ አዘጋጅተው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውት ነበር። አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እጃቸውን በቤንዚን ማጠብ ጀመሩ፤ ንጹሕ እጅ ነው የሚያጥቡት። ቆሜ ቆሜ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ወር ሙሉ በጋራዡ በኩል ሳልፍ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነብኝ። አልተቀየምኩም። የሰጡኝ ብረት አልነበረም፤ እኔም የመለስኩት ብረት አልነበረም።

ኅዳር ላይ ከናዝሬት አንድ ጎልማሳ ፒክአፕ ይዞ መጣ። አሮጌ ሞተር እየሰበሰበ አድሶ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ጋሼ አስጠሩኝ። ሞተሯን ሳንቃ ላይ ገፍተን የጫንናት እኔና ጋሼ ነን። ሰውየው ድምጿን ለመስማት ሊያስነሳት ሲል ጋሼ «እዚህ አታስነሳት፤ ቤትህ ስትደርስ» አሉት። እሱም እሺ አለ። ፒክአፑ ሲወጣ ዞር ብለው አላዩትም።

በሩ ላይ ቆመን ሳለ የከነከነኝን ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ልጅዎን እኔ ላስተምራት። በኔዋ ትልመድና የራሷን ትገዛለች።»

«ጊዜ አለህ?»

«እሑድ እሑድ።»

እንዲህ ሆኖ ልጅቷ ከጎበሳ በመጣች ቁጥር ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ አስተማርኳት። ቶሎ ገባት፤ እኔ ከለመድኩበት ባነሰ ጊዜ። ጋሼ በርጩማቸውን ይዘው ይመጡና ከጀርባ ሆነው ማርሽ ስትቀይር ያዳምጣሉ፤ ስትሳሳት ከሷ ቀድመው ያውቃሉ። በመጋቢት አንዲት ትንሽ ያገለገለች ሞተር ገዛች። አሁን ክትባት ይዛ ቀበሌ ለቀበሌ የምትዞረው በሷ ነው።

የጋሼ ዓይን ጠብታውን ስለማይዘነጉ ባለበት ቆሟል። ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ «እስቲ ሳጉሬ ድረስ ውሰደኝ» አሉኝ። ከኋላዬ ተቀመጡ፤ በቀይዋ ሞተር በዝግታ ሄድን። ትንሽ እንደሄድን በግራ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። የታረሰ መሬት፣ ድንች የደረደረች ሴት፣ ውሃ የጫኑ ሁለት አህዮች አልኳቸው። በቀኝስ አሉ። ነገርኳቸው። እስክንደርስ እሳቸው ሲጠይቁ፣ እኔ ስመልስ ሄድን።

አንዳንዴ አስፋልቱ ባዶ ሲሆንልኝ ሰማያዊዋ ትዝ ትለኛለች። አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው።