ፈጣኑ ማጣሪያ

ታላቅ ወንድሜ የውሃ ማጣሪያ የመረጠው ሞተር ፓምፕ እንደሚመርጥ ሰው ነው። ኮኪት አካባቢ የሰሊጥ እርሻ ነበረው። ክረምት በገባ ቁጥር መንገዱ በጭቃ ይዘጋል፤ ሠራተኛውም የኩሬ ውሃ እየጠጣ በተቅማጥ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ሰኔ ለክፉ ቀን የሚሆን ማጣሪያ ልንገዛ መተማ ዮሐንስ ሄድን።

ባለሱቁ ሁለት ማጣሪያዎች ላይ ውሃ ጨመረልን። አንዱ ጠብ፣ ጠብ አለ። ሌላው ዘረገፈው። ወንድሜ የሚዘረግፈውን ያዘ።

«ጋሼ፣ የዚህኛው ማጣሪያ ሸክላ እኮ ገና አልተገጠመም፤ ካርቶኑ ውስጥ ነው» አለው ባለሱቁ።

«እንዳትገጥመው! ያዘገየዋል።»

ልናገር ስል «አንቺ ስለ ማሽን ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ሁለት የተደራረበ ባልዲ ማሽን ሆነና! ሸክላውን እዚያው ትቶት ወጣ። ይህን ጭንቅላት ነው አገሩ ባለሀብት እያለ የሚጠራው።

እርሻው ስንደርስ የኩሬ ውሃ ገለበጠበት። ደፍርሶ ገባ፣ ደፍርሶ ወጣ።

«ጠጡ፣ የተጣራ ነው!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

የሚያጠጣ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳልና፣ አንድ የጎጃም ሠራተኛ ኩባያውን ሞልቶ በሁለት እጁ አቀረበለት። «እስቲ ይቅመሱልን፣ ጌታዬ።»

ጧት መተማ ላይ ጥብሱን ሲያወራርድ የነበረው ወንድሜ ኩባያውን አየት አደረገና «ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ? ጾመኛ ነኝ» አለ።