ጋቢናው የማን ነው

በመተማ መንገድ ባለችው በሸሕዲ ከተማ እንግዳው የሚባለውን ሾፌር የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን ያላነሣ መሆን አለበት። እንግዳው ከጎንደር መተማ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ለብዙ ዘመን የነዳ፣ ኋላ ነጋዴው አገር ጥሎ ሱዳን ሲገባና መኪናው ሲወረስ ሰሊጥና ማሽላ ወደ ማረስ የዞረ ሰው ነበር። ቁመቱ አጠር፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፤ እምቢ ማለት ጭራሽ አልፈጠረበትም። የተነሣ እጅ ካየ እግሩ ሳያዘው ፍሬን ላይ ይወጣል። ሽማግሌ ከሆነ ጋቢና ያስገባዋል። ነፍሰ ጡርም ጋቢና፣ ቄስም ጋቢና። ደርግ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሽጉጥ የታጠቀ ጓድ ሁሉ ሳይጠራ በሩን ከፍቶ ጋቢና የሚቀመጥ ሆነ። እንግዳው ለሁሉም እኩል ፈገግ ይል ነበር።

በዚያ ሁሉ ዘመን ጋቢና ተቀምጣ የማታውቅ አንዲት ሴት ብትኖር የገዛ ሚስቱ ውባንች ናት። ከጭልጋ ተሞሽራ በወረደችበት ዕለት ጋቢናውን የያዙት የነፍስ አባቱና አንድ አጎቱ ነበሩ። እሷ ከሚዜዎቹ ጋር ከላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሸሕዲ ስትደርስ አቧራው ኩሉንም ጥልፉንም ደፍኖባት አማቷ ወጥተው ሙሽራዋ የታለች ብለው ጠየቁ ትላለች። ጎረቤታቸው ስለነበርኩ ይህን ወሬ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ። እየሳቀች ነው የምታወራው፤ ግን ሰው የበረደለትን ነገር በየዓመቱ አያወራም።

ውባንች ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ለሚወርደው ሠራተኛ ምግብ እያበሰለች ትሸጣለች። ደርግን የወጋው የኢዲዩ ጦርነት በርዶ አገሩ ትንሽ ሲረጋ፣ የእሷ ድስትና የእሱ ሰሊጥ ተጋግዘው ቤተሰቡን ለአንድ አሮጌ መኪና አበቁት። ጎንደር ጋራዥ ያለው ይርዳው የሚባል የእንግዳው የጥንት ባልንጀራ ሁለት ያገለገሉ ላንድሮቨሮች ግቢው ውስጥ አቁሞ ነበር። ሞተራቸው አንድ ነው፣ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም፣ ባልና ሚስት ተመካክራችሁ የወደዳችሁትን ውሰዱ ብሎ ላከባቸው። አንዱ ፒካፕ ነው፤ ከፊት ጋቢና፣ ከኋላ ክፍት። ድንበር አካባቢ ያለው ሰው እንደ ሱዳኖቹ ቦክስ ይለዋል። ሌላው ስቴሽን ነው፤ ጣራው እስከ ኋላ ድረስ የሚሄድ፣ መስኮትና ወንበር ያለው። ይህን የኛ ሰው ባለ ቤት ይለዋል።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ ያን ሰሞን ሸሕዲ ሙሉ ቡዳ ሆና ሰነበተች። አንዱ መጥቶ የክረምቱ ዋልካ ጭቃ የሚፈራው ቦክስን ብቻ ነው ይላል። ሌላው ስቴሽን ያለው ሰው እንደ አስተዳዳሪ ይከበራል ይላል። እኔም አልቀረሁም፣ ያየሁትንም ያላየሁትንም ተናግሬያለሁ። የራሱ ቦክስ የነበረው የሸሕዲ ነጋዴ ሷሊህ ግን ሁለቱንም ወገን በአንድ ቃል ገላገለ፤ ፒካፕ ብትገዛ ለዘመቻ ስንቅ ይጠይቁሃል፣ ስቴሽን ብትገዛ ለጓዶች ስብሰባ ይጠይቁሃል፣ ስለዚህ መንግሥትን ትተህ ቤትህን አስብ አለው።

እንግዳው ቤቱን አስቦ ቦክስ አለ። ጆንያ ይጭናል፣ ፍየል ይጭናል፣ የታመመ ሰው ከነቃሬዛው ይጋደምበታል፤ ልጆቹም ከኋላ ንፋስ እያገኛቸው ይሄዳሉ። ውባንች ስቴሽን አለች። ለምን ቢላት ወንበር ስላለው ነው አለች። ሰሊጥ ወንበር ላይ አይቀመጥም ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። እኔስ አለችው፣ አልሳቀችም። ጋቢናው ከእንግዲህ ያንቺ ነው፣ ማንም አይነካብሽም ብሎ በመስቀል ሊምልላት ሲል አስቆመችው።

«ተው፣ በመስቀል አትማል» አለችው። «አንተ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ነህ። ጋቢናህን ለኔ የምትሰጠኝ አገሩ ሰው ሲያልቅበት ነው።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር። ለእሱ የመኪና ምርጫ ነው፤ ለእሷ ግን ከባሏ አጠገብ ማንም የማያስነሣት ቦታ ይኖራታል ወይስ አይኖራትም የሚል ነው። እሱ ይህን ያወቀ አይመስለኝም። አጨዳው እንዳለቀ፣ ታኅሣሥ ውስጥ፣ ሳይስማሙ መንገድ ለመሄድ ተስማሙ፤ ሁለቱንም መኪና አይተው እዚያው ሊወስኑ። ቀበሌ ሄደው የይለፍ ወረቀት አስመቱ፣ ታንጉንና ሌሎቹን ልጆች ለኔ ተዉልኝ፣ ሷሊህ ጎንደር የሚወጣበት ቀን ነበርና በእሱ ቦክስ ሄዱ።

ሷሊህ እንግዳ አክባሪ ነው፤ ባልና ሚስቱን ጋቢና አስገባቸው። ውባንች በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። መስታወቱን ዝቅ አደረገች፣ መልሳ ከፍ አደረገች። ኋላ እንደነገረችኝ በጣም የገረማት ዛፉ ነው። ከጆንያ ላይ ሆና ስታየው የኖረችው ዛፍ ሁሉ እየሸሸ የሚሄድ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዛፉ ወደ እሷ ሲመጣ አየች። እንደ ልጅ ደስ አላት፣ ደስታዋንም አልደበቀችም።

ደስታዋ ነጋዴ ባሕር ከምትባለው መንደር ማዶ እስኪደርሱ ቆየ። እዚያ አንዲት አሮጊት፣ ጨቅላ ከታቀፈች ልጃቸው ጋር፣ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ሷሊህ መኪናውን ገና ሲያቀዘቅዝ እንግዳው ሚስቱን አልፎ በሩን ከፈተው። «እናቴ፣ ጋቢና ይግቡ፤ እኛ ከኋላ እንሆናለን» አለ።

«ያ እንግዳው» አለ ሷሊህ እንደ ሱዳኖቹ እየጠራው፣ እየሳቀ፣ «ቦክሱ እኮ የኔ ነው።»

ውባንችን ያናደዳት መውረዱ አልነበረም። አራስ ቆማ እያየች ተቀምጣ የምትቀር ሴት አይደለችም። ያናደዳት «እኛ» የሚለው ቃል ነው፤ አፏ ሳይጠየቅ የእሷ ቦታ ከእሱ አፍ ወጥቶ ተሰጠ። እኔ ብሆን እዚያው ወርጄ በእግሬ ወደ ሸሕዲ እመለስ ነበር። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ወጣች።

እንግዳውም ተከትሏት ወጣ። ለካ ሰውየው ያን ሁሉ ዘመን ሲነዳ ከኋላ ተጭኖ አያውቅም። ሄዶ መጨረሻው ላይ፣ ከመዝጊያው ጫፍ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲመጣ ወደ ላይ ተነሥቶ በጎኑ ወደቀ፤ በሁለተኛው ምላሱን ነከሰ። አቧራውም እየተጠቀለለ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ውባንች እንደተኮሳተረች ጥቂት አየችው። ከዚያ አላስቻላትም፤ በእጅጌው ጎትታ አምጥታ ጀርባውን ለጋቢናው አስደግፋ ከአጠገቧ አስቀመጠችው። ጆንያ አጥፋ ከሥሩ አደረገችለት። ጥርስህን ግጠም፣ ጉልበትህን ፍታው፣ የመኪናውን ጎን አትጨብጥ ክንድህን ይነቅልሃል አለችው። የነጠላዋንም ጫፍ በአፍንጫው ላይ ጣለችለት።

መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ቆላው በመኪናው ኋላ፣ ከፊታቸው ተዘረጋ። የታጨደው የሰሊጥ መሬት፣ የማሽላው ክምር፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ሱዳን ድረስ ሜዳው በጭጋግ ውስጥ ይታያል። እንግዳው አፉን ከፍቶ ቀረ። ይህ ሁሉ ከኋላዬ ነበር ወይ አላት። አንተ መቼ ዞረህ አየህ አለችው።

ቀና ሲል በራሱ አናት ላይ የጋቢናዋን ትንሽ የኋላ መስታወት አየ። በመስታወቱ ውስጥ የሷሊህ ማጅራት ይታያል።

«መንገድ ላይ የማውቅህ እንዲህ ነው» አለች ውባንች። «ፊትህን ቤት ነው የማየው።» ደግሞም፦ «ታንጉ በጡቴ ሳለች ከጎንደር ስንወርድ፣ የጋቢናውን ጣራ ስመታው ሰምተኸኝ ነበር?»

እንግዳው አሰበ። ሾፌር ቶሎ አይረሳምና ትዝ አለው። ሰምቻለሁ አላት። አሁን ቆመን አልነበረም ወይ፣ ደግሞ ሽንት የያዘው መጣ ብዬ ነዳሁት አለና ፈገግ ማለት ጀመረ። ፊቷን ሲያይ ግን ፈገግታው እመሐል ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ነገረችው። ሕፃኗ እንደ እሳት ግላ ነበር። በድንገት ተንቀጠቀጠች፣ ዓይኗ ተገለበጠና ነጩ ብቻ ቀረ። አብረዋት የተጫኑት ሰዎች ሁሉ ተኝተዋል። ውባንች በአንድ እጇ ልጇን ይዛ በሌላው ጣራውን መታች፣ መዳፏ እስኪያብጥ መታች። መኪናው አልቆመም። ከጄሪካን ውኃ እያፈሰሰች ልጅቱን ስታበርድ፣ ስትለምንም፣ ታንጉ በራሷ ጊዜ ተመለሰች።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት።

«ሸሕዲ ስንደርስ ልጅቱ ስታለቅስ ሰማህ። ‹ደህና ናት› አልህና ሽማግሌውን ደግፈህ ከጋቢና ልታወርድ ሄድህ። ምን ልንገርህ?» አለችው። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። «ወንበር አይዶለም የምፈልገው፣ እንግዳው። ድምፄ የሚደርስበት ቦታ ነው።»

እንግዳው አፈረ፤ ከማፈርም ይልቅ ልቡ ተሰበረ። ታንጉ አሁን ከኔ ቤት ልጆች ጋር ገመድ የምትዘል፣ ሥራ ስትላክ የማትሰማ ደህና ልጅ ናት፤ ግን እሱ ያን ሰዓት ገና እንደምትሞት ሆኖ ታየው። የሚስቱን እጅ ወስዶ ገለበጠና እብጠቱ እስከዛሬ ያለ ይመስል መዳፏን ተመለከተ። ጎንደር እስኪገቡ ድረስ አልለቀቀውም።

ይርዳው የባልንጀራውን ጠባይ ስለሚያውቅ ቦክሱን አጥቦ፣ ሞተሩን አሙቆ ነበር የጠበቃቸው። ስቴሽኑ ጥግ ላይ አቧራውን እንደጠጣ ቆሟል። እንግዳው በቦክሱ አጠገብ አለፈና የስቴሽኑን የፊት በር ከፈተ። ይርዳው ጆንያህስ ቢለው፣ ሰሊጥ በትራክተር ተሳቢ ሲሄድ ኖሯል፣ አሁንም ይሄዳል አለው። ይኼኔ ያመነታችው ውባንች ሆነች። የአገሩን በሽተኛ ማን ሊያመላልስ ነው ብላ ኋላውን ከፍታ አየች፣ ወንበሩ ታጥፎ ሰው ሊጋደም መቻሉን ይርዳውን ጠየቀች። ከዚያ ባሏን ወደ ጎን ወሰደችው።

«አዝነህልኝ ነው ወይስ መርጠህ?»

«ሰምቼ ነው» አላት።

በማግሥቱ ተመለሱ። እሱ መሪውን ይዟል፣ እሷ ከፊት፣ በመካከላቸው ለልጆቹ የገዛችው ዕቃ የሞላ ቅርጫት። ጭልጋን አልፈው ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ዘንጋቸውን አነሡ። የእንግዳው እግር እንደ ልማዱ ፍሬን ላይ ወጣ። ሽማግሌው ኋላውን አላዩትም። የዚህ አገር ሽማግሌ ሁሉ እንደሚያደርገው በቀጥታ ወደ ፊተኛው በር መጡና ከፍተው፣ ውባንች እስክትወርድላቸው በትዕግሥት ቆሙ። እሷም ልማድ ነውና ነጠላዋን ሰብስባ አንድ እግሯን አወጣች።

እንግዳው እጁን ዘርግቶ ያዛት። ፊቱ በላብ ረጥቦ ነበር ትላለች፤ ለሽማግሌ እምቢ ሲል የመጀመሪያው ነው።

«አባቴ፣ ከኋላ ይግቡ፤ ወንበር አለ» አለ። «ይቺ የባለቤት ቦታ ናት።»

ሽማግሌው መሪውን፣ መሪውን የያዘውንም ሰው ተመለከቱ። «ባለቤቱ አንተ አይዶለህም ወይ ልጄ?»

«እኔ ሾፌሩ ነኝ» አላቸው።

ሽማግሌው ሳቅ ብለው ዞሩና ከኋላ ገቡ፤ ወንበሩንም በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ደህና ነው አሉ። ውባንች እግሯን መልሳ አስገባችና በሩን ዘጋች። ጥቂት እንደሄዱ፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ ቤት ውስጥ እንደምታወራው አድርጋ፣ «ቀስ በል፤ አባት ይንገላታሉ» አለች።

እንግዳውም ቀስ አለ።