ብድር መመለስ

ትናንት ልጄ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጣችና «እማዬ፣ ‘ፔይ ባክ’ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። የጠመኔ ብናኝ የሸተተኝ መሰለኝ።

ነገሩ የሆነው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ነው። የዐቢይ ጾም ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ዴስካችን ላይ ታርፍ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ከገጠር የመጣ ዝምተኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን የሚደርስበት አልነበረም። አባቱን ጎረቤታቸው በድንበር ጠብ ገድሎባቸዋል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተቆርጦ ታርቀዋል። እናቱም «አንተ ብቻ ተማርልኝ» ብለው ስንቅ ቋጥረው ላኩት።

መምህራችን ይህንኑ ‘ፔይ ባክ’ የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉና አቻዎቹን ከሥሩ ደረደሩ፤ ሪፔይ፣ ሪተርን። «የተበደርከውን ትመልሳለህ፤ ውለታም ትመልሳለህ» አሉ።

እሱ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ለበቀልስ ይሆናል?»

«ይሆናል። እኛስ ብድሩን መለሰ የምንለው ለደጉም ለክፉውም አይደል?»

ከክፍል ስንወጣ፣ ፀሐይ የመታችው የባሕር ዛፍ ቅጠል በሚሸትበት ጥግ አስቆመኝ። «አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ገና ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እወደው ነበር። እንደ ትልቅ ሰው እንዲያየኝ ብዬ፣ ትልልቅ ሴቶች ሲሉ የሰማሁትን ደገምኩለት፦ «እኔ ወንድ ብሆን፣ ካባቴ ገዳይ ጋር አንድ ገበያ አልውልም ነበር።»

ብዬም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ለፋሲካ አገሩ ገባ። ትምህርት ሲከፈት ዴስኩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ያባቱን ገዳይ፣ አጥሩን ሲያጥር አድፍጦ በጥይት መታው አሉ። ሦስት ቀን ሳይሞላ የሟች ወንድም እሱን ገደለው። መምህራችን ስም ሲጠሩ የሱ ላይ ሲደርሱ ዘለውት ወደሚቀጥለው አለፉ።

እናቱን ለማየት ድፍረት ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አብሬው መማሬን ስነግራቸው እጄን ጨብጠው አልለቅ አሉኝ።

«መስቀል ስሞ ታርቆ ነበር እኮ፣ ልጄ። ማን ነገር እንዳስገባበት ታውቂ እንደሁ?»

«አላውቅም፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንዴት ታውቂ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ከዚያ ራሴን ወደ ደረታቸው አስጠግተው «አብረሽው የተማርሽማ ልጄ ነሽ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።