ባሻን ለአንድ ሳምንት አደራ ያሉኝ እትዬ ዘውዴ

እትዬ ዘውዴ አረፉ አሉኝ። ከሰማሁ አራት ሰዓት አለፈኝ፤ አሁንም "አረፉ" ለማለት አፌ እሺ አይለኝም። ትናንት ጠዋት እኮ በስልክ አውርተናል።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ዘውዴ አከራዬ ናቸው። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ግቢያቸው ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሲለካ የሚቁነጠነጥ ልጅ ካጋጠማቸው በሜትሩ ቸብ አድርገው "ቁም፣ ሱሪህ እንደ አንተ እንዳይጣመም" ይሉታል።

ባሻ ድመታቸው ነው። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ኩሩ። እናቱ መርዝ የቀመሰች አይጥ በልታ ደጃፋቸው ላይ ከሞተች ወዲህ ባሻን ከቤት አስወጥተውት አያውቁም። ሰፈራችን ውስጥ የአይጥ መርዝ የማያስቀምጥ ቤት የለማ።

ባለፈው ሳምንት ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሊገቡ ሲሉ ቁልፉን ሰጡኝ። ምግቡንና የሚጸዳዳበትን አሸዋ ካሳዩኝ በኋላ "ይሄ ቀላሉ ነው" አሉ። "ዋናው እንዳይሰለቸው ነው። ቤት የሚውል ፍጡር ሥራ ካጣ ይከፋዋል። ሥራ ስጪው። ለሳምንት ብቻ ነው፣ አደራ።"

"ሥራ ስጪው" የሁሉ ነገር መድኃኒታቸው ነበር። ከእጮኛዬ ተለያይቼ ስነፋረቅ አንድ እቅፍ ሸሚዝ አምጥተው "በይ ቁልፍ ስፊልኝ" ነው ያሉኝ። ምንም አላጽናኑኝም። ሸሚዙ ሲያልቅ ግን እኔም ለቅሶዬን ጨርሼ ነበር።

ጭንቅ የሆነ ሳምንት ነው ያሳለፍነው። ጠዋት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ወደ ሥራዬ ከመሄዴ በፊትና ስመለስ ባሻ ጋ እገባለሁ። ቋንጣ በጥቃቅኑ ቆራርጬ እንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ እደብቅለታለሁ፤ በእጁ እየቆፈረ ያወጣል። ቁርጥራጭ ጨርቅ በክር አስሬ ወለሉ ላይ እጎትትለታለሁ። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼለት የጎረቤት ኮክ ዛፍ ላይ የሚያርፉትን ወፎች ሲቆጣጠር ይውላል። እውነቱን ለመናገር እኔንም ያበረታኝ ይሄው ነው። እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳቤ ሆስፒታል ይሄድ ነበር።

በየቀኑ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ። እንዴት አደሩ ስላቸው "ተይው እሱን፣ ባሻ ምን ሠራ?" ይሉኛል።

ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ስልካቸውን ያነሣችው ልጃቸው ሮማን ናት። "ተኝታለች" አለችኝ። "እንግዲያው ሲነሡ ንገሪልኝ" ብዬ ጀመርኩላት። ባሻ ትናንት ካርቶኑን ራሱ ላይ አጥልቆ ቤቱን ሲዞር ከስፌት መኪናው ጋር ተጋጨ፤ ተናደደና መኪናውን በጥፊ መታው። እኔ እየሳቅሁ ነው የማወራው። ስጨርስ "ሌላስ?" አለችኝ። የወፎቹንም ነገርኳት። "እሺ፣ እነግራታለሁ" ብላ ዘጋችው።

ከታክሲ ስወርድ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ደወሉ። "አንዴ ወደ ቤት ነይማ፣ ሰው ይፈልግሻል።" እኔ ሞኟ ቆጣሪ አንባቢ የመጣ መስሎኝ እየተነጫነጭኩ ተመለስኩ። ግቢያችን በር ላይ የእድር ሰዎች የድንኳን ብረት ያወርዳሉ።

ሌሊቱን ነው ያረፉት። መርዶ በስልክ አይነገርም ብላ ሮማን እናቷን አጥታ ቁጭ ብላ የድመት ወሬ አዳመጠችኝ። ከሆስፒታል ስትመጣ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ይቅርታ ስጠይቃት "አንቺ ስታወሪ እኮ ለእኔም አልሞተችም ነበር" አለችኝ።

ለቀስተኛ እንዲቀመጥበት ቤቱ ሲለቀቅ አልጋው ወጣ፤ ባሻ ከሥሩ ተገኘ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንድ ትልቅ ሰው "ድመት አይደል እንዴ፣ ይውጣ፣ ይለምደዋል" አሉ። በትልቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ዛሬ ጮህኩ። በጋቢ ጠቅልዬ እኔ ክፍል አስገባሁትና በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት።

ይሄን የምጽፍላችሁ ከዚያው ሆኜ ነው። ባሻ አልጋዬ ሥር ገብቷል። ውጭ ለቅሶው ይሰማኛል። ያልወጣሁት እሱን ለመጠበቅ ነው ብላችሁ ታምኑኝ ይሆናል፤ እሱ ብቻ ግን አይደለም።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ረቡዕ ያወራሁልዎት ውሸት ነው። ባሻ ሜትርዎን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወንበርዎ ላይ ደንበኛ ሲጠብቅ አገኘሁት ብዬዎት ነበር። "አታስቂኝ፣ ስፌቴ ይፈታል" እያሉ ሲስቁ ነርሷ መጥታ ተቆጣችዎት። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። ምግቡን አስቀምጬለት ሳላጫውተው እንደ ቆምኩ ወጣሁ፤ እስከ በሩ ተከትሎኝ መጥቶ ነበር። ሲሻልዎ እነግርዎታለሁ፣ አብረን እንስቅበታለን ብዬ ተውኩት። ከሳምንቱ ሁሉ አብልጦ ያሳቀዎት ያልሆነው ነገር መሆኑ አንጀቴን በላው።

ይቅር ይበሉኝ። ሮማንን ጠይቄአታለሁ፣ ባሻ ከእኔ ጋር ይኖራል። ደክሞኝም ቢሆን ከእንግዲህ እንደ ቆምኩ አልወጣበትም፤ ቁጭ እላለሁ።

የሚያርፉበት አፈር አይክበድዎ፣ እናቴ። ደህና ይሁኑ። በሩን ከውጭ ቆልፌበት ልወጣ ነው፤ እስካሁን በወጉ አላለቀስኩልዎትም።