ኣስካል ያለ ምስክር አትናገርም

ኣስካልን መጀመሪያ ያወቅኳት በጠብ ነው። ሰሜን ክፍለ ከተማ ካለችው ሱቄ መጣችና የአተር ክክ ጠየቀችኝ። ልመዝንላት ስል ከቦርሳዋ ያልተከፈተ የአንድ ኪሎ ስኳር እሽግ አወጣችና፣ «መጀመሪያ ይሄን መዝኚልኝ» አለች። ደሜ ፈላ! ከወሎ መጥቼ መቀሌ ስነግድ እስከዛሬ በሚዛን ያማኝ ሰው የለም። «እትዬ፣ ሚዛኔን ካላመንሽ በእፍኝሽ ግዢ!» አልኳት። እሷ እቴ፣ ፍንክች! ስኳሩ ልክ መሆኑን ስታይ፣ «አትቀየሚኝ ሓፍተይ፣ እህቴ፤ የማውቀውን ሳላይ የማላውቀውን አላምንም» ብላ ክኳን ገዝታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ደንበኛዬ ናት። ስኳሯን ይዛ መምጣት ግን እስከዛሬ አልተወችም።

ኣስካል ዓይናለም በሚባለው ሰፈር ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ሥራዋ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ከሰው ገላ የተቆረጠ ሥጋ በቀጭኑ ቀርፋ፣ ስላይድ በሚሉት ትንሽ መስታወት ላይ አድርጋ ቀለም ታስይዛለች። አላገባችም። «ለምን?» ብዬ ስነዘንዛት፣ «ልክ የሆነ ባል አይቼ ስለማላውቅ ከምን ጋር ላመሳክረው?» ትለኛለች። እኛ ሱቅ በር ላይ ይሄን ይዘን ስንት ቀን ስቀናል።

ሳቁ ያለቀው አንገቴ ላይ እብጠት ሲወጣ ነው። ሐኪሙ ከእብጠቱ ቆርጦ ወደ እነኣስካል ላከው፤ የፈራው የንፍፊት ካንሰር ነው። ልጄ ሀፊሳ ገና አንደኛ ክፍል ናት።

እኔንና ባሌን በድሩን አስቀምጣ ያስረዳችን ኣስካል ናት። «ሕዋስ ቀኑ ሲደርስ መሞት አለበት። ቢሲኤል ቱ የሚባል ፕሮቲን ደግሞ አትሙት ብሎ ይይዘዋል። እሱን የሚፈልግልን አንቲቦዲ አለን፤ ጠብታ ነው፣ ፕሮቲኑን ያገኘበት ቦታ ይጣበቅና ቡናማ እናደርገዋለን። ንፍፊት ውስጥ ክብ ክብ ቦታዎች አሉ። በጤነኛ ሰው ዙሪያቸው ቡናማ ይሆናል፣ መሃላቸው ግን ንጹሕ ነው። መሃሉ ቡናማ ከሆነ፣ እሱን ነው የምንፈራው።» እኔ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። በድሩ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን «ቡናማ መጥፎ ነው» የሚለው ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት የሚሠራበትን ባጃጅ አቁሞ ላብራቶሪው በር ላይ ሲያንዣብብ፣ ስሜ ያለበትን ስላይድ ጠረጴዛ ላይ አየው። ሰማያዊ ብቻ፤ ቡናማ የሚባል ነገር የለበትም። ልጠይቅ እንኳ አላለም፤ ባጃጁን አስነስቶ በረረ። ሱቄ ደጃፍ ላይ «የምስራች!» ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። «ምስር ብላ!» አልኩት፣ እልልታው ቀለጠ። ከሰዓት በግ አረድን።

ማምሻውን ኣስካል መጣች። የእኛን ሥጋ እንደማትበላ ስለማውቅ ሻይ ቀዳሁላት፤ አልነካችውም። «ሁሪያ ሓፍተይ፣ ይሄ የምስራች ከእኔ አልወጣም» አለች። ለካ ከበሽተኛው ስላይድ ጎን ሁልጊዜ ሌላ ስላይድ ትሠራለች፤ ካንሰር እንደሌለበት ከታወቀ የልጅ ቶንሲል የተወሰደ ነው። ምስክሬ ትለዋለች። የእሱ ክቦች ዙሪያቸው ቡናማ መሆን ነበረበት፤ እሱም ባዶውን ወጣ። «መብራት ጠፍቶ በሰነበተ ጊዜ አንቲቦዲው ፍሪጅ ውስጥ ተበላሽቷል። ያንቺ ባዶ የሆነው በሽታው ስለሌለብሽ ይሁን ጠብታው ስለሞተ፣ አላውቅም።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! «አንቺ ሴትዮ፣ አንጀት የሚባል አልፈጠረብሽም? ዛሬን እንኳ ብትተዪኝ ምን ነበረበት?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ዛሬን ብተውሽ ነገ ሕክምናሽን ትተዪ ነበር» አለችና ተነስታ ወጣች። በጉን እንግዳው በላው። ይበልጥ የተናደድኩት እውነቷን መሆኑን ስላወቅኩ ነው።

አዲሱ አንቲቦዲ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተላከ። ኣስካል ማንንም አላመነችም፤ ቁሓ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ራሷ ልትቀበለው ወጣች። በድሩን «ያንተ የምስራች ቅጣት ነው፣ ሂድና አድርሳት!» ብዬ ላኩት። ሲመለስ ወገቡን ይዞ ነው። «ወላሂ ሙሽራ የጫንኩ መሰለኝ! ሳጥኑን ከነበረዶው አቅፋ፣ ጉድጓድ ባየች ቁጥር ቀስ በል፣ ቀስ! ጠርሙሱን ሳየው የዓይን ጠብታ አያክልም!» አለኝ። በፍርሃት መሃል ሳቄ አመለጠኝ።

በሦስተኛው ቀን አስጠራችኝ። በድሩ ደግፎ አስገባኝ። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። አለቀልኝ፣ ሀፊሳዬን ማን ያሳድጋታል አልኩ በሆዴ።

ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችኝና «እዪ» አለች። አየሁ። በሰማያዊው ውስጥ ክብ ክቦች አሉ፤ ዙሪያቸው ቡናማ፣ መሃላቸው ንጹሕ። ከዚያ ስላይዱን ቀየረችው። ያው ክብ፣ ያው ቡናማ ዳር፣ ያው ንጹሕ መሃል።

«ምስክሬ የቱ ነው? ያንቺስ?»

መልሳ መላልሳ ቀያየረችልኝ። አንዴ የመጀመሪያውን የኔ ነው እላለሁ፣ አንዴ ሁለተኛውን። «ኧረ ኣስካልዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አታስጨንቂኝ! አንድ ናቸው፣ በምን ልለያቸው?»

«ዶክተሩም እኔም ላያቸው ላይ የተጻፈውን ካላነበብን አንለያቸውም» አለች። «ጤነኛ ነሽ፣ ሓፍተይ።»

እኔ ገና ነገሩን ሳልውጠው፣ ቀድማኝ ያለቀሰችው እሷ ናት።