ግድግዳው ላይ የበቀለው ቅል

ፖሊሶች ሊወስዱኝ የመጡት ከመሳለሚያ ወረድ ብላ ካለችው ሥዕል ቤቴ ነው። አንድ ክንፉ ገና ያልተሣለ መልአክ ሸራው ላይ ትቼ ወጣሁ። ምርጫው አልፎ ከተማው በረብሻ የታወከበት ክረምት ነበር። በአንድ ደንበኛዬ ኪስ ውስጥ የተቃውሞ ወረቀት ተገኝቶ፣ ጽሑፉ ያንተ ነው ተባልኩ።

ያስገቡን መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር የመርካቶ ጫጫታ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ ሃያችንም እስረኞች ውኃ ሥር የተኛን ይመስለኝ ነበር።

ከጎኔ የነበሩት ወሎዬ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በረብሻው ቀን ልጃቸው በጥይት ሞተ። አስከሬኑን ስጡኝ ብለው ሲመላለሱ እሳቸውንም አሰሯቸው። የት እንደተቀበረ አያውቁም። ሶላታቸውን ሰግደው ሲጨርሱ ግድግዳውን ያያሉ። ምግብ ብዙም አይቀምሱም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጥግ ላይ ባገኘሁት ከሰል ግድግዳው ላይ ዓሣ መሣል ጀመርኩ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነኝ፤ እጄ ወደ ለመደው ሄደ።

«ምንድነው?» አሉኝ።

«ዮናስ ነው ጋሼ። ዓሣው ባሕሩ ዳር ሲተፋው።»

«የኛ ዩኑስ።» ቀረብ ብለው ተቀመጡ። «እሱን ግን አትሣለው። ነቢይ ነው።»

ተውኩት። ዓሣውንና ባዶውን ዳርቻ ብቻ ሣልኩ።

«ሲወጣ አላህ ቅል አበቀለለት» አሉ።

«በኛም መጽሐፍ ቅል ነው።»

«በል አብቅለው። ቅጠሉን አብዛው።» ባዶውን ዳርቻ በጣታቸው እያሳዩ፣ «የልጄን መቃብር አላየሁም፤ ጥላ ይኑረው» አሉ።

እስኪመሽ ቅጠል ስሥል ዋልኩ። ሐረጉ ጣሪያው ድረስ ደረሰ። ዝናቡ ሲበረታ የሚነቃነቅ ይመስል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የሚጠብቀን ፖሊስ አየው። ባልዲ አምጥቶ፣ «የሣለው ይነሳና ያጥፋው» አለ። ልነሳ ስል ጋሼ ትከሻዬን ያዙኝ።

«እኔ አጥበዋለሁ።»

ከሽርጣቸው ጫፍ ቁራጭ ቀደዱ። ውኃውን በጣሳ እየቀዱ ከቀኝ ጀመሩ፤ ከዚያ ግራውን። በቀስታ ነው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጨርሰው እንደገና ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ገባኝ። በእስልምና ሬሳ የሚታጠብበት ወግ ነው፤ ልጃቸውን እያጠቡ ነበር።

«ፍጠኑ» ይል የነበረው ፖሊስ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆመ። የክፍሉ ሙስሊሞች ከጋሼ ኋላ ተሰልፈው የቀብር ሶላት ሰገዱ። ሌሎቻችን ቆመን ጠበቅን። ያን ቀን ምሳ ላይ ጋሼ ከኔ ጋር በሉ።

ከተፈታን ብዙ ዓመት ሆነ። መቃብሩ እስካሁን አልተገኘም። ጋሼም በቅርቡ አረፉ፤ ሐዘን ቤት ሄድኩ። ሴት ልጃቸው አላወቀችኝም።

«አባባን ከየት ነው የሚያውቋቸው?» አለችኝ።

«የወንድምሽ ቀብር ላይ ነበርኩ» አልኳት።

«ቅሉን የሣሉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ ከቤተሰቡ መሐል ቦታ ለቀቀችልኝ።